ሆድ ዕቃዋን የተሰረቀች ዶሮ

አክስቴ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናት። ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ ቀጭን ሆና አታውቅም። የታመመ መኪና ሲመጣላት ከሁሉ በፊት መርፌውን ስለምታወጣ ነው። ወደ ብርሃን ታዞረዋለች፣ ጫፉን በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ትስበዋለች፣ ከዚያ ደንበኛዋን ቀና ብላ ታያለች።

«ጂንስ ሰፍተሽበታል አይደል?»

«ኧረ እትዬ፣ አንዴ ብቻ ነው!»

«የሚሰበረውም እኮ አንዴ ብቻ ነው።»

ከመኪና በሽታ ግማሹ መርፌው ነው፣ የቀረው ግማሽ ባለቤቱ ነው ትላለች።

ሙያውን የተማረችው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የገባችው ለሰፊነት ነበር። መኪናዋ በተበላሸ ቁጥር አጠገቡ ቆማ የመካኒኩን እጅ ታያለች። አንድ ቀን መካኒኩ ሲቀር ራሷ ከመኪናው ሥር ገባች። አለቃው ሲመጣ ያገኘው ሁለት እግር ብቻ ነው። «ማነህ አንተ እዚያ ሥር?» ቢል፣ «አንተ ሳይሆን አንቺ፤ ፒንሳውን አቀብለኝ» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ። አቀበላት። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰፊነት አልተመለሰችም።

ባል አግብታ ፈታለች። ለምን ሲሏት «ክርና መርፌ ካልተስማሙ የሚጎዳው ጨርቁ ነው» ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች። ልጅ የላትም። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ሞተር መጠቅለል ተምሬ ከጨረስኩ ወዲህ አብረን እንሠራለን። ኤሌክትሪክ ያለበት ወደ እኔ ይመጣል፣ ማርሽ ያለበት ወደ እሷ።

ሱቃችን ሁለት ክፍል አላት። ከፊት ያለው የሥራ ነው፤ በመስኮቱ ሥር የእሷ ጠረጴዛ፣ ከጀርባው የእኔ፣ ወለሉ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ መኪናዎች። ከኋላ ያለው ክፍል የመጫወቻዎቹ ነው። ሦስቱም ግድግዳ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ነው፤ ውስጡ የቆርቆሮ ባቡር፣ ከበሮ የሚመታ ድብ፣ ኮፍያውን የሚያነሣ ሰውዬ፣ አንድ ክንፉ የጎበጠ አውሮፕላን፣ ሁሉም ቁልፋቸው ሲዞር የሚነሡ፣ ሁሉም ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ።

ሰብሳቢ ልሁን ብላ አልተነሣችም። አንድ ቀን ከብረት ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ መለዋወጫ ስትፈልግ የቆርቆሮ አውቶብስ አገኘች። ገልብጣ ብታየው በሆዱ ያለው ማርሽ የስፌት መኪና ክር ማጠንጠኛ ታናሽ ወንድም ነው። አጸዳችው፣ ዘይት ጠብ አደረገችበት፣ ቁልፉን አዞረች። አውቶብሱ የሥራ ጠረጴዛዋን ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ወለሉ ላይ ወደቀ። በዚያው ልክፍት ሆነባት።

ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጡ ሦስት ሰዎች አሉ። አንዱ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ እጁ ሲሠራ አፉ የማያርፍ፣ እጁ ሲያርፍ ደግሞ አፉ የሚብስበት። ሁለተኛው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጎማ የሌለው ነገር አይሰበስብም። ሦስተኛው ከእኛ ጎን ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ጋሼ ሞገድ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ግራጫ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፣ ሁሉም ያመጣውን ያወጣል። ደንባቸው ጥቂት ነው። የሰው መጫወቻ ባለቤቱ ሳያዞረው አይነካም። የሞተ ብርድ ልብሱ ላይ አይወጣም፤ ምንም ያህል ቢያምር፣ የማይንቀሳቀስ ከሆነ መደርደሪያው ላይ ይቁም። የቀረው ደንብ ስለ መክፈት ነው። እነዚህ መጫወቻዎች ቡሎን የላቸውም። ሁለቱን ግማሽ አካል የሚያያይዘው ከአንዱ ወጥቶ በሌላው ቀዳዳ አልፎ የሚታጠፍ፣ ከጣት ጥፍር የሚያንስ የቆርቆሮ ምላስ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ሲታጠፍ ሲቃና ይደክማል። አንዴ ብትከፍተው ይታገሥሃል፣ ብትደግመው ያኮርፋል፣ ብትሠልሰው በእጅህ ይቀራል። ስለዚህ ያለ ብርቱ ምክንያት ማንም አይከፍትም። የተከፈተውንም ውስጡን ያየው የከፈተው ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው በቃሉ ያምነዋል።

የአክስቴ የቆርቆሮ ዶሮ ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል አልነበረችም። አክስቴ መኝታ ቤት፣ ከራስጌዋ በላይ፣ በፍላኔል ጨርቅ ተጠቅልላ ትኖር ነበር። ቅዳሜ ወጥታ አታውቅም። እሷ ስብስብ አይደለችም።

ያመጣት የአክስቴ አባት ነው፤ ለእሷና ለታናሽ ወንድሟ፣ አንዲት ዶሮ ለሁለት። ቢጫ ላባ በቀለም የታተመባት፣ አናቷ ላይ ቀይ የቆርቆሮ ጉትዬ ያላት ናት። ቁልፏ ሲዞር ጎንበስ ቀና እያለች ወለሉን ትለቅማለች። ወንድሟ ያኔ ገና አፉን መፍታቱ ነበር። ዶሮዋ ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ስትውል አንድም ነገር ሲገባላት አላየም። አዘነላት። እናቱ ዞር ስትል ጠብቆ እፍኝ ስንዴ ይዞ መጣና በጎኗ ባለችው የቁልፍ ቀዳዳ አንድ በአንድ አጎረሳት።

ዶሮዋ ጠገበች። አንዲት ፍሬ ማርሹ መሃል ገብታ አንድ ጥርስ ሰበረች። አባታቸው ገልብጦ ቢያራግፋት ስንዴው ረገፈ፣ ጥርሷም አብራ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ዶሮዋ አመል አወጣች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች፤ የጎደለው ጥርስ ጋ ስትደርስ አንገቷን እንዳቀናች ቀጥ ትላለች፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ እንዳልሆነች ሆና ትቀጥላለች። ልጆቹ ከዚህች ዝምታ ጨዋታ አወጡ። ዶሮዋ ስትቆም ቀድሞ «ጭልፊት!» ያለ ቁልፉን የማዞር ተራ ይወስዳል። ወንድሟ ገና ከመጀመሪያው ጠቅታ ጀምሮ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ቸኩሎ ከተሳሳተ ደግሞ በንዴት ጉትዬዋን ይነክሳታል። ቀዩ ቀለም ሁለት ቦታ ላይ ተልጦ ነጩ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ ይታያል።

ያ ወንድም አድጎ የአውቶብስ ቲኬት ቆራጭ ሆነ፣ ሳይሸብት በሳንባ በሽታ ሞተ። ፎቶግራፉ ሳሎን ተሰቅሏል። አክስቴ ግን ብዙም አታየውም። «እዚያ ላይ አፉን ዘግቷል። እሱ አፉን ዘግቶ ያውቃል?» ትላለች። ሲናፍቃት የምታዞረው ዶሮዋን ነው። ብዙ ጊዜ ጠዋት፣ ሱቅ ከመክፈታችን በፊት፣ ድምፁ ከመኝታ ቤት ይመጣል፤ ጠቅታው፣ ከዚያ ዝምታው። ዝምታው ውስጥ የአክስቴ ከንፈር እንደሚንቀሳቀስ አውቃለሁ። ገብቼ አይቼ አላውቅም፤ አውቃለሁ።

ይህን ድምፅ ከቤተሰብ ሌላ የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሼ ሞገድ።

ሞገድ ባዳ አልነበረም። ወንድሟ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ጊዜ ትንሽ ሬዲዮ ሠርቶ አልጋው ጎን ያስቀመጠለት፣ ተራ እየገባ ያስታመመው እሱ ነው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱም እሱ ነው። በሥራ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ በጓሮ በኩል ይገባል፣ ብርጭቆውን ራሱ ያነሣል፣ ጥል ይጀምራል።

«መርፌ፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ እጅሽን የታጠብሽበት?»

«ጨርሰህ ጠጣውና ንገረኝ።»

«ስኳሩስ?»

«ምላስህ ላይ አለ አሉ፤ እዚያ ፈልገው።»

ሁለቱ ሲነታረኩ ላየ ባልና ሚስት ይመስላሉ። ባልና ሚስት ግን እንዲህ አይስማሙም።

ሞገድም ዶሮ ነበረችው። የአክስቴ ዶሮ እህት ናት፤ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ማተሚያ የወጣች። ቀለሟ ትናንት የደረቀ ይመስላል፣ አንዲት ጭረት የለባትም። ሲያገኛት ግን ሆዷ ተከፍቶ ነበር፣ ምላሶቿ ቀና እንዳሉ፣ ውስጧ ባዶ። ከእሱ በፊት የነበረ ሰው ሆድ ዕቃዋን ለሌላ ነገር አውሎታል። ሞገድ አዲስ የተሠራ የብረት ማርሽ አፈላልጎ አመጣላት፣ ግን አላስገባላትም። «የባዕድ አንጀት አልከትባትም» አለ። ምክንያት ነበረው። የፋብሪካው ማርሽ ነሐስ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። አዲሱ ብረት ይንጫጫል፤ የእነዚህ ሰዎች ጆሮ ደግሞ ከበር ላይ ሆኖ ይለየዋል።

ስለዚህ ያቺ ቆንጆ ዶሮ ከዓመት ዓመት መደርደሪያ ላይ ቆመች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፀጉር አስተካካዩ «ጋሼ ሞገድ፣ እመቤቲቱ ዛሬም ከእንቅልፍ አልተነሡም?» ይላል። ሞገድ ይስቃል። እኛም ሳቁን ሳቅ ነው ብለን ነበር።

ዝናቡ ባባራበት ሰሞን የአክስቴ ዶሮ ሞላዋ፣ ቁልፉ ሲዞር የሚጠነጠነው ጥምዝ ብረት፣ ለቀቀ። ቁልፉ በባዶ ይዞራል፣ አይጠነጥንም። ለእሷ ይህ ሥራ አይደለም፤ በየቀኑ ከዚህ የባሰ ትሠራለች። ግን ዶሮዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ፒንሳውን አንሥታ፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ሐኪም የራሱን ልጅ አይቀድም» አለች።

«ስጪኝ እኔ ልቅደድልሽ» አለ ሞገድ፣ ብርጭቆውን ይዞ። «የእኔ እጅ ለቀጭን ነገር ነው። ያንቺ እጅ የፋብሪካ እጅ ነው።»

«የምትቀይረው ሞላውን ብቻ ነው። ሰምተሃል? ሌላ ነገር አትነካካ።»

«አቤት! ለጠጋኝ መመሪያ!»

በፍላኔሉ ጠቅልላ ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀበላት። ተከትላው እስከ ጓሮው ደረጃ ድረስ ሄደች፤ ለማንም መኪና እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

በሳምንቱ መለሳት። አክስቴ ጥቅሉን ፈታች፣ ላባዋን አየች፣ የተነከሰውን ጉትዬዋን በጣቷ ዳበሰች። የራሷ ናት። ቁልፉን አዞረች።

ዶሮዋ ለቀመች። ጠቅጠቅጠቅጠቅ፣ እንደ ዝናብ በጣራ ላይ፣ ሳትቆም፣ ሞላዋ እስኪያልቅ።

«ጥርሷንም ሞላሁልሽ» አለ ሞገድ። «እንዳልነካካ ብለሽኝ ነበር፣ ግን ክፍት ሆና ሳያት አላስቻለኝም። ስጦታ ነው።»

«ድምፁስ?»

«ሞላው አዲስ ነው። ሲለማመድ ይለሰልሳል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሻይ ቀዳችለት። ያን ቀን ስለ ስኳሩ ምንም አላለም።

ከሄደ በኋላ ዶሮዋን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ደጋግማ አዞረቻት። እኔ ነገሩ ገብቶኛል። «እንክፈታትና እንያት» አልኳት። «ነሐስ ከሆነ ነሐስ ነው፣ ብረት ከሆነ ብረት ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«ምላሷ አንዴ ታጥፎ ተቃንቷል። አሁን ብደግመው ሊሰበር ይችላል።»

«ይሰበራ!»

«ከፍቼ የራሷን ማርሽ ካገኘሁስ? ዶሮዋንም ሰበርኩ፣ ሰውየውንም ሰበርኩ።» ጠቀለለቻት። «ጆሮዬም አርጅቶ ሊሆን ይችላል።»

የአክስቴ ጆሮ የፋብሪካ አዳራሽ ሙሉ መኪና ሲጮህ የታመመውን አንዱን ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች። ግን ከወዳጇና ከጆሮዋ አንዱን መክሰስ ነበረባት፤ ጆሮዋን ከሰሰች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከመኝታ ቤት ድምፅ መምጣቱ ቀረ።

ሞገድ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። ሌላ ሌባ የሰረቀውን ይደብቃል፣ ይሸጣል፣ አገር ይለቃል። የመጫወቻ ሰብሳቢ ግን የተነሣች ዶሮ ይዞ ሰው ሳያሳይ መኖር አይችልም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ ሞገድን የያዘው ይሄው ነው።

እህቴ ምጥ ይዟት ስለነበር አክስቴ ያን ቅዳሜ ክሊኒክ ውላ ታድራለች ተብሎ ነበር። ሻዩን እኔ ነበርኩ የማቀርበው። ፀጉር አስተካካዩ ባቡሩን አዙሮ ጨርሶ፣ ሾፌሩ አዲስ ያገኘውን የጭነት መኪና በክብር ሲያስቃኝ፣ ሞገድ ካርቶኑን ከፈተ። የራሱን ዶሮ ብርድ ልብሱ ላይ አቆመ።

«ውይ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «እመቤቲቱ ተነሡ? ማን ቀሰቀሳቸው?»

«አንድ የዱሮ ዕቃ ሻጭ ዘንድ አንጀቷን አገኘሁላት» አለ ሞገድ። «የራሷን። ነሐስ።»

«እንስማ፣ እንስማ።»

አዞረ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ለስላሳ ነው፣ እንደ ጣት ጥፍር በእንጨት ላይ። ከዚያ ዶሮዋ አንገቷን አቅንታ ቀጥ አለች።

የያዝኩት ብርጭቆ በእጄ ላይ ቀረ።

«አለመች!» አለ ፀጉር አስተካካዩ እያጨበጨበ። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን!»

«የምን ሕልም ነው» አለ ሾፌሩ። «ይቺ አንድ ፒስተኗ አይሠራም። ዳገት ላይ ጉድ ታደርግሃለች።»

ሁለቱም ሳቁ። የሳቁት በእርሷ ነው፤ ያንን ዝምታ ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁምና። ሞገድም አብሮ ሊስቅ ቀና ሲል በሩ ላይ አክስቴን አየ። አዋላጇ «ገና ነው፣ ነገ ተመለሱ» ብላ አሰናብታቸው ኖሯል። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው፣ ነጠላ ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል።

ከሞገድና ከእኔ በቀር ማንም አላያትም፤ ሌሎቹ ዶሮዋን ነው የሚያዩት። ገብታ ቦታዋ ተቀመጠች።

«ድገማት» አለች።

«ሞላዋ ደከም ብሏል» አለ ሞገድ።

«ምኗ ደከመ? አሁን የተነሣች ዶሮ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አዙር፣ ጋሼ፣ እትዬ አልሰማቻትም።»

ሞገድ ቁልፉን ያዘ። አዞረው። ዶሮዋ ለቀመች። ከዚያ ቆመች።

አክስቴ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ጎንበስ ብላ «ጭልፊት» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«ምን አሉ እትዬ?» አለ ሾፌሩ።

«ምንም። ጥሩ ዶሮ ናት።»

እዚያ ጠረጴዛ ላይ መጮህ ትችል ነበር። ግን ምን ይዛ? ዶሮዋን ከሞገድ በቀር የሰማላት ምስክር የለም። እኔ ብመሰክር የሥጋ ዘመድ ነኝ። ያመኑት ፈረስ ሲጥል፣ መውደቁን የሚያውቁት ጋላቢውና ፈረሱ ብቻ ናቸው። አክስቴ ለሾፌሩ የጭነት መኪና መልካም ነገር ተናገረች፣ ሻይ ጨመረች፣ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ሞገድ ግን ካርቶኑን ይዞ ቀድሞ ወጣ።

እህቴ በማግስቱ ሴት ልጅ ወለደች፤ ደስ አለን። በሳምንቱ መጀመሪያ ሻይ ሰዓት ላይ ሞገድ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። አክስቴ አላስጠራችውም። ስሙንም አላነሣችም። ብርጭቆውን ግን ከመደርደሪያው አላወረደችውም።

በኋላ መጣ፤ ካርቶኑንና የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ። አክስቴ የመጋረጃ ሰፊ መኪና ፈትታ እጇ እስከ አንጓው ዘይት ነው።

«እሺ» አለ ቆሞ። «ወስጃለሁ።»

«ምን?»

«ታውቂዋለሽ።»

«ስሙን ጥራው።»

«ማርሹን። የዶሮዋን ማርሽ።»

አክስቴ እጇን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች፤ ጣት በጣት።

«ተናገሪ እንጂ» አለ። «ስደቢኝ። ግን አንድ ነገር እይልኝ፤ አንካሳ ወስጄ ጤነኛ ነው የሰጠሁሽ። ጥርስ የጎደለው ወስጄ አዲስ ማርሽ ነው ያስገባሁልሽ። ዶሮሽ ዛሬም ትለቅማለች። ማን ተጎዳ?»

«ጤነኛ ስጠኝ ብዬሃለሁ?»

«መርፌ፣ ስንት ዓመት ሬሳ ታቅፌ ሳቁብኝ። አንድ ቀን ብቻ ብትነሣልኝ ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አታወጫት። ማን ይሰማታል አልኩ።»

«እኔ እሰማታለኋ።»

ሞገድ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ለምን አልለመንከኝም?»

«እምቢ ትይ ነበር።»

«አዎ፣ እምቢ እል ነበር» አለች። «እምቢ ማለቱም የእኔ ነበር። እሱንም ነው የወሰድክብኝ። ደግሞ አንተ ያን ድምፅ የት እንደሰማኸው ረሳኸው? ሆስፒታል አልጋው ላይ ይዤለት ሄጄ ሳዞርለት፣ እግሩ ሥር የተቀመጥከው አንተ አይደለህም?»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር።  ሞገድ ካርቶኑን ከፍቶ ዶሮዋን አወጣና ወደ እሷ ገፋት።

«ይቺን ውሰጂ። ሙሉዋን። ያቺንም አልጠይቅሽም። ሁለቱም ያንቺ ይሁኑ።»

እንደ እኔ ሐሳብ መጥፎ አልነበረም፤ አዲስ ገላ፣ የዱሮ ድምፅ፣ የሚሰበር ምላስ የለም። እንዲያውም ተናገርኩት። «አክስቴ፣ ይሻላል እኮ። ቢያንስ አትሰበርም።»

አክስቴ አዲሷን ዶሮ አንሥታ የሚያብረቀርቀውን ጉትዬ አሳየችኝ።

«ይቺን ማን ነከሳት?»



መኝታ ቤት ገብታ የራሷን አመጣች፣ ጥቅሏን ፈትታ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ፒንሳ አነሣች።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ሞገድ። «ምላሷ ይሰበራል። ስትከፈት ሁለተኛዋ ነው። በእግዜር፣ ተዪው።»

«ያዛት» አለችው። «ምላሷን ቀድመህ ያጠፍከው አንተ ነህ፤ ጎኑን ታውቀዋለህ። አጥብቀህ ያዛት።»

ያዛት። ሐኪም የራሱን ልጅ አይቀድም ያለችው ሴት በገዛ እጇ ቀደደች። መጀመሪያ የእሱን ዶሮ ከፈቱ፤ እሷም ሁለተኛዋ ቢሆንም ምላሶቿ እንደ ቀለሟ አላረጁምና ያለ ችግር ተቃኑ። ውስጧ ነሐሱ ተቀምጧል፤ አንዱ ማርሽ ላይ የጎደለው ጥርስ ቦታ እንደ ሕፃን ድድ ባዶ ሆኖ ይታያል። አክስቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። እሷም ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም፤ ድምፁን እንጂ።

ከዚያ የራሷን ጀመረች። በአንገቷ በኩል ያሉት ምላሶች ቀስ ብለው ተቃኑ። በጅራቷ በኩል ያሉት ግን አንዱ ቀጭ አለ፣ ቀጥሎ ሌላው። ሁለት የቆርቆሮ ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሞገድ ዓይኑን ጨፈነ። አክስቴ አልጨፈነችም። ብረቱን አወጣች፣ ነሐሱን አስገባች፣ ሁለቱን ግማሽ ገጠመች። ፊቷ በኩል ያዘ። ጅራቷ በኩል አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«አየሽ?» አለ ሞገድ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «አየሽ ያደረግሽውን?»

«በእርሳስ አጣብቃት።»

«ምን?»

«ሽቦ የምታጣብቅበትን ብረት አግልና በእርሳስ አጣብቃት። ቦርሳህ ውስጥ አለ።»

«አብደሻል? እርሳስ ከነካት በኋላ እኮ ማንም ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያያትም! ቆሻሻ ነው የምትሆነው። እንኳን ጠረጴዛ ላይ፣ መደርደሪያ ላይም አትቆምም።»

«ጥሩ። እንግዲያው የሚመኛትም የለም።»

«እኔ አላደርገውም። የፈለግሽውን አድርጊኝ፣ ይህን ግን በእጄ አላደርግም።»

«በእጅህ ነው የምታደርገው» አለች። «በእጅህ ነው የጀመርከው።»

መሰኪያውን እኔ ሰካሁለት። ብረቱ ጋለ። ሞገድ በሕይወቱ ስንት ሺ ሽቦ ያጣበቀ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ጀማሪ አላበው። እርሳሱ በቢጫው ላባ ጠርዝ ላይ ቀለጠ፣ ትንሽ ጭስ ወጣ፣ ቀለሙ ተቃጥሎ ቡናማ ሆነ። ሁለት ቦታ ላይ ግራጫ ጠባሳ ቀረ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ሲሳሳትም ንጹሕ አድርጎ ነው የሚሠራው።

ሲቀዘቅዝ አክስቴ ቁልፉን አዞረች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ዝምታው መጣ። «ጭልፊት» ያለ የለም። ሞገድ ከንፈሩን ነክሶ መስኮቱን ያይ ነበር። ዶሮዋ ቀጠለች፣ እንደገና ቆመች፣ ቀጠለች፣ ሞላዋ እስኪያልቅ ድረስ ሰማናት።

አክስቴ የብረቱን ማርሽ አንሥታ ዘይት ጠብ አደረገችበትና ሰጠችው።

«አንጀትህን ውሰድ።»

ኪሱ ከተተው። «ቅዳሜ ምን እላቸዋለሁ?»

«ሞላዋ ተበጠሰ በላቸው። መዋሸቱን ትችልበታለህ።»

«ትነግሪያቸዋለሽ?»

«ለፀጉር አስተካካይ የነገሩት እኮ ለሰፈሩ ፀጉር ሁሉ ነው። ምን በወጣኝ።»

ብረቱን ነቅሎ በጨርቅ ጠቀለለ፣ ባዶዋን ቆንጆ ዶሮ ካርቶኗ ውስጥ አስተኛት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። 

«ነገ ለሻይ ብቅ ልበል?»

አክስቴ ወደ መጋረጃ ሰፊዋ መኪና ተመልሳለች።

«ቅዳሜ ይምጡ» አለችው። «ከሰዎቹ ጋር።»

ሞገድ ካርቶኑን ብብቱ ሥር አድርጎ ትንሽ ቆመ። እስከዚያን ቀን ድረስ አንቱ ብላው አታውቅም። ከዚያ ወጣ፣ በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው፤ እንግዳ እንደሚዘጋው።